የወይዘሮ ዘምዘም ግማሽ ትንፋሽ

ዓመቱን በትክክል ንገረን ብትሉኝ አልችልም። ክረምት እንደነበር ብቻ አውቃለሁ፤ ሐረጎ ዳገት ላይ መንገዱ ተንዶ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው መኪና ሁሉ ተገትሮ የዋለበት ክረምት ነው። ወይዘሮ ዘምዘም የዳገቱን እኩሌታ በእግሯ ወጥታ፣ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ስቱዲዮአችን የገባችው ያን ጊዜ ነው። ትልቋ ልጄ ያገባችው ከዚያ በፊት ይሁን ከዚያ በኋላ፣ ሸዋ በር ያለውን ቤት የተከራየሁት መቼ ይሁን፣ ሁሉም ይምታታብኛል። ሴትዮዋ የተናገረችው ግን አይምታታብኝም። ከተናገረችው ላይ የተቆረጠውም አይምታታብኝም።

ስሜ ሰይድ ነው። ሙያዬ ድምፅ መቅዳት ነበር። ደሴ ላይ በአንድ የሬድዮ ጣቢያ፣ ስሙን አልጠራም፣ ደራሲዎች እየተጋበዙ ስለ መጽሐፋቸው፣ ስለ አገሩ ታሪክ፣ ስለ ፖለቲካውና ስለ ባህሉ የሚጫወቱበት ዝግጅት ነበረን። ከመስተዋቱ ወዲያ እነሱ ያወራሉ፣ ከመስተዋቱ ወዲህ እኔ እሰማለሁ። ዕድሜዬን የጨረስኩት እየሰማሁ ነው። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ስለዚህ አጻጻፌ ቢወላገድ አፉ በሉኝ። እኛ ወሎዎች ይቅርታ ስንጠይቅ «አፉ በለኝ» ነው የምንለው። ስለ ቁጣዬ ግን አፉ በሉኝ አልልም። ሰው «ጋሽ ሰይድ ለስላሳ ነው፣ ዝንብ አይነካም» ይላል። እውነት ነው። ዝንቧ ምን አደረገችኝ?

ወጣትነቴን የበላው ኮምቦልቻ ያለ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ነው። ማሽኑ ሁሉ አንድ ላይ ሲጮህ አጠገብህ ያለው ሰው ቢጠራህ አትሰማም። እኔ ግን ከጩኸቱ መካከል የታመመውን ማሽን ለይቼ እሰማ ነበር። አንዱ ሲያነክስ ይታወቀኛል። የፋብሪካው አዳራሽ ድምፅ ማጉያ ሲበላሽ «ያንን ጆሯሙን ጥሩት» ተባለ፤ ከዚያ በዚሁ ጆሮዬ ምክንያት ደሴ ወጣሁ። ደመወዙ ከፋብሪካው ትንሽ ይሻል እንደሁ እንጂ የሚወራ አልነበረም።

እዚያ ጋሽ መኮንንን አገኘሁት። የዝግጅቱ አቅራቢ እሱ ነው። ረጅም፣ ሲሄድ የሚጎብጥ፣ ኮቱን በጋም በክረምትም የማያወልቅ ሰው ነበር። መጽሐፍ ሲመጣለት ሁለት ጊዜ ያነበዋል። «አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ለማያነበው ሰው» ይላል። ጥያቄ በወረቀት ጽፎ አይገባም። አንድ ቀን ለምን እንደማይጽፍ ብጠይቀው፣ «ወረቀት ከያዝክ ዓይንህ የሚቀጥለው ጥያቄ ላይ ነው፤ ፊትህ ያለው ሰው ምን እንዳለ አትሰማም» አለኝ።

እንግዳው ከሩቅ ከመጣ ፒያሳ ይቀበለውና በእግሩ ሰኞ ገበያ ድረስ ያዞረዋል። ስለ መጽሐፉ አንዲት ቃል አያነሳም። የበርበሬ ዋጋ፣ የዝናቡ ነገር፣ የልጆች ትምህርት። ሰውየው ስቱዲዮ ሲደርስ ደራሲነቱን ረስቶ ሰው ሆኖ ይደርሳል። ማይክሮፎኑ ፊት ሲቀመጡ ጋሽ መኮንን አጭር ጥያቄ ይጠይቅና መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ መጥረግ ይጀምራል። ያ ምልክት ነው። እንግዳው እስኪናገር መነጽሩን ዓይኑ ላይ አይመልሰውም።

አንድ ጊዜ ትራስ የሚያህል የታሪክ መጽሐፍ የጻፉ ሰው መጡ። በአንድ ወንዝ ማሻገሪያ ላይ ስለተደረገ ውጊያ፣ ማን በየትኛው ፈረስ እንደተሻገረ ሳይቀር ተረኩ። ጋሽ መኮንን «እንዴት አወቁት?» አላቸው።

«ይሄማ የታወቀ ነው!» አሉ።

መነጽሩን አወለቀ።

«ማለቴ፣ ይባላል።»

መነጽሩን ይጠርጋል።

«እንግዲህ እውነቱን ለመናገር አጎቴ ናቸው የነገሩኝ።»

ጋሽ መኮንን መነጽሩን አጠለቀ። «አጎትዎ ግሩም ተራኪ ናቸው። ስለሳቸው ያጫውቱን» አላቸው። ሰውየው ሳቁ። ከዚያ በኋላ የወጣው ጨዋታ ከመጽሐፉ ይበልጥ ነበር።

የኔ ሥራ ደግሞ ሌላ ነው። ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አነጥፋለሁ፤ እንጨት ድምፅ ይመልሳል። ማይክሮፎኑን ከአፍ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጉንጭ አዞረዋለሁ፤ አለዚያ «ጰ» እና «ፐ» እንደ ጥይት ይተኩሳሉ። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ እናቆማለን። አዛን ሲል እናቆማለን፣ ደወል ሲደወል እናቆማለን። ደሴ ላይ ጨዋታ የምትቀዳው ሁለቱን እያስቀደምክ ነው። አንድ መጽሐፍ የጻፉ ሼኽ መጥተው መስበሃቸውን እየቆጠሩ ጠጠሩ ቀጭ ቀጭ ሲልብኝ፣ «ሼኻችን፣ መስበሃውን ለጊዜው ለኔ ቢሰጡኝ» አልኳቸው።

«መስበሃዬን ከወሰድክ ምላሴንም ውሰደው» አሉ።

ጋቢያቸውን ጭናቸው ላይ ደራርቤ ከሥሩ እንዲቆጥሩ አደረግሁ። ጋሽ መኮንን ክርስቲያን ነው፤ ሼኹ ዱአ ካልተደረገ አልጀምርም ሲሉ እጁን ዘርግቶ ከሁላችንም ጎላ አድርጎ «አሚን» አለ።

ቴፕ በምላጭ የሚቆረጥበት ዘመን ነበር። የማይፈለገውን ቆርጠህ ጥለህ ሁለቱን ጫፍ በማጣበቂያ ትሰፋለህ። ጋሽ መኮንን ያስተማረኝ አንድ ሕግ አለ። ከቃል በፊት ያለውን ትንፋሽ አትቁረጥ። ሰው ከመናገሩ በፊት አየር ይስባል። እሱን ከቆረጥክበት ቃሉ ከአፉ ሳይሆን ከሳጥን የወጣ ይመስላል። ሌላም ነበረው። ጨዋታው ሲያልቅ ማሽኑን እንዳጠፋው አይፈቅድም። ወደ እንግዳው ጠጋ ብሎ «ምን ሳልጠይቅዎ ቀረሁ?» ይላል። ከዚያ ዝም። ወላሂ፣ ከሠላሳ ደቂቃ ጨዋታ ይልቅ ከዚያች ጥያቄ በኋላ የሚመጣው ይበልጥ ነበር።

አሁን ወደ ወይዘሮ ዘምዘም ልመለስ።

ኮምቦልቻ ያለች አስተማሪ ናት፣ በዕድሜ እኩያዬ። ስለ ቅሬ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ጽፋ ነበር። ቅሬ ማለት እኛ አገር የሰፈር ሰው ሁሉ ተሰብስቦ የሞተበትን የሚያስቀብርበት ማኅበር ነው። እስላሙ ክርስቲያኑን ይቀብራል፣ ክርስቲያኑ እስላሙን። እኛ ወሎዎች በዚህ እንኮራለን። እሷም ኮርታ ነው የጻፈችው። ግን የባሏ ወገኖች ባለእጅ ናቸው፤ አገሬው ሥራቸውን እየፈለገ ማዕዳቸውን የሚጠየፍባቸው። አባቱ ቀጥቃጭ፣ እናቱ እማማ ከዲጃ ሸክላ ሠሪ። ቤተሰቧ እያኮረፈ ነው ያገባችው።

ያን ቀን እግሯን አስታጥበን፣ ጋቢ ደርበንላት ተቀመጠች። ጋሽ መኮንን እስከ መጨረሻው ካጫወታት በኋላ «ምን ሳልጠይቅዎ ቀረሁ?» አላት። መነጽሩን አወለቀ።  ከዚያ እንዲህ አለች፤

«ቅሬያችን ማንንም አይለይም። እስላም ክርስቲያን ሳይል ሁሉንም እኩል ይቀብራል፤ ብቻውን የሚያለቅስ ሰው የለም።» ትንፋሿን ሳበች። «ግን የባሌ አባት ሲሞቱ ያየሁትን ልንገራችሁ። የአገሩን ማረሻ ሁሉ ቀጥቅጠው የሠሩት እሳቸው ናቸው። ቅሬው ድንኳኑን ላከልን። መቃብሩን ቆፈረልን። ምግብ ሲቀርብ ግን አንድም ሰው እጁን አላስገባም። ሁሉም የራሱን ቋጥሮ መጥቶ፣ ዋርካው ሥር ሄዶ በላ። እማማ ያበሰሉት እንዳለ ተደፋ። ሬሳችንን ተሸክማችሁ እንጀራችንን ተጠየፋችሁ። እኔ ቅሬውን ስለምወደው ነው የምናገረው፤ የማልወደው ቢሆን ዝም እል ነበር።»

ከመስተዋቱ ወዲህ ሆኜ ዓይኔን ጠረግሁ። ጋሽ መኮንንም መነጽሩን መመለሱን ረሳ።

በነጋታው ኃላፊያችን ሰማው። በዓል ደርሶ ነበር፤ ጨዋታው የሚተላለፈው ለበዓሉ ነው። «ቆንጆ ነው። ከ‹ግን› በኋላ ያለው ይውጣ» አለ።

«እሱ ከወጣ ምን ቀረ?» አለ ጋሽ መኮንን።

«ፍቅሩ ቀረ። ሕዝብ በበዓሉ ፍቅሩን ይስማ። ሌላው ሰው ማጋጨት ነው።»

«ሰውማ ያኔ ዋርካው ሥር ነው የተጋጨው። እሷ ነገረችን እንጂ አላጋጨችንም።»

ኃላፊው ወደኔ ዞረ። «ሰይዶ፣ አንተ ቁረጠው።»

«ጌታዬ፣ እኔ የምቆርጠው ሳልና የወንበር ሲጢጥታ ነው» አልኩት። «ሰው አልቆርጥም።»

ከሌላ ክፍል ሰው አምጥቶ አስቆረጠው። ያ ሰው ሙያውን አያውቅም ነበር፤ ምላጩን ትንፋሿ መሀል ላይ አሳረፈው። «ብቻውን የሚያለቅስ ሰው የለም» ትልና አየር መሳብ ትጀምራለች፣ ከዚያ ክራር ይገባል። ግማሽ ትንፋሽ። ዋናው ቴፕ የት ሄደ ብዬ ስሯሯጥ መልካም ምኞት ተቀድቶበት አገኘሁት። ቴፕ ውድ ነው፣ ደርቦ መቅዳት የተለመደ ነው ተባልኩ። ጋሽ መኮንንን ደግሞ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወሩት። በዚህ አገር ሰው ማናገር ከሚችሉት አንዱን፣ ወንበር ጠባቂ አደረጉት። 

ከበዓሉ በኋላ ወይዘሮ ዘምዘም መጣች። በዚህ ጊዜ መንገዱ ተጠግኗል፤ ጫማዋ እግሯ ላይ ነው። ፊቷ ግን የባሰበት ነበር።

«ማሽኑን የያዝከው አንተ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«አማቴ የት ሆነው እንደሰሙት ታውቃለህ? ወፍጮ ቤት። ሰልፍ ላይ። የሰፈሩ ሴት ሁሉ በተሰበሰበበት። ‹እሰይ ከዲጃ፣ ምራትሽ ቅሬያችን ማንንም አይለይም አለች እኮ! ታዲያ አንቺ ለምን ከኛ ራቅ ብለሽ ትቆሚያለሽ?› ብለው ሳቁባቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ከእጄ እህል አይቀምሱም። ባሌም አኮረፈኝ። ያልኩትን በጆሮህ ሰምተሃል። ና ንገርልኝ።»

ሄድን። ጋሽ መኮንንም ከዕቃ ግምጃ ቤቱ አስፈቅዶ ከእኔ ጋር ወረደ። የእማማ ከዲጃ ቤት ከቦርከና ወንዝ አይርቅም። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው እርጥብ ገንቦ በጠጠር ያለሰልሱ ነበር። እንግባ አላልንም፤ ግቡም አላሉንም። እኔ የወይዘሮ ዘምዘምን ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አልኩላቸው። ትንፋሹ ያለበት ቦታ ላይ ሳይቀር ተነፈስኩ።

እማማ ከዲጃ ጠጠሩን ሳያቆሙ አዳመጡኝ። ከዚያ እንዲህ አሉ፤ «ልጄ፣ አላመንኩህም አይደለም። ወፍጮ ቤት የነበሩት ሴቶች ግን እዚህ የሉም። በአደባባይ የቆረጣችሁትን በጓዳ አትስፉልኝ።»

  ወይዘሮ ዘምዘም ምግብ በሳህን ከድና ይዛ ከኋላችን ቆማ ነበር፤ እማማ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ስንመለስ ሐረጎን ወጣን። እላይ ስንደርስ ጋሽ መኮንን «ትክክል ናቸው» አለ። «በሬድዮ ነው የሚመለሰው። ሬድዮው ግን የኛ አይደለም።»

ብዙ ሞከርን፣ አልሆነም። ጋሽ መኮንን ዕቃ ግምጃ ቤት እንዳለ ጡረታ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። እኔ አላህ ይዘንለት እላለሁ፣ ቤተሰቦቹ ነፍስ ይማር ይላሉ፤ የሚደርሰው አንድ ቦታ ነው። የቀበረው ቅሬያችን ነው። የቀብሩን ምሳ ሁላችንም በላን። ስበላ ዋርካው ትዝ አለኝ።

ያቺ የተቆረጠች ቃል ግን አልሞተችም። በዓል በመጣ ቁጥር «የፍቅር አገር» እየተባለ ትወጣለች። ቴፕ ቀርቶ ኮምፒውተር ሲመጣ ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጧት። አሁን ደግሞ በየስልኩ ትዞራለች፤ ባጃጅ ውስጥ ሰምቻታለሁ፣ ሠርግ ቤት ሰምቻታለሁ። ሰው ሁሉ ፈገግ ብሎ ይሰማል። እኔ የምሰማው ግማሽ ትንፋሿን ነው።

የዛሬዎቹን ጠያቂዎች ተዉት። ደራሲ ይጠሩና «መጽሐፍዎ ስለምንድን ነው?» ብለው ይጀምራሉ። አላነበብኩም ማለታቸው እኮ ነው! ሳያፍሩ! ሁለተኛው ጥያቄ የሰውየው ዘር ነው፣ ሦስተኛው ማንን እንደሚሰድብ። ሰውየው ሲያስብ ዝም ካለ ዝምታውን ለቅሞ የሚያወጣ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ አለ። አንድ ቁልፍ ትነካለህ፣ ሰው ያሰበበት ቦታ ሁሉ ይጠፋል። ያላሰበ ሰው ይመስላል። ከዚያ «ደራሲዎቻችን አያስቡም» ይላሉ።

ያ ኃላፊም ጡረታ ወጥቷል። በረመዳን መግቢያ ፒያሳ አግኝቶኝ፣ በደንቡ መሠረት እጄን ይዞ «ሰይዶ፣ አፉ በለኝ» አለኝ።

«በኔ በኩል አፉ ብያለሁ» አልኩት። «የእማማ ከዲጃን ግን ኮምቦልቻ ወርደህ ጠይቅ።»

«እማማ ከዲጃ ማናት?»

ጾም ስለሚገባ ምላሴን ያዝኩ።

የኔ ስንብት ሲደርስ ጣቢያው አዳራሽ ውስጥ ሰው ሰብስቦ ዝግጅት አደረገልኝ፤ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ከመድረኩ ላይ የምታጫውተኝ ሊዲያ ናት። የደራሲዎቹን ጨዋታ አሁን የምታቀርበው እሷ ነች። መጽሐፍ አንብባ ከሚገቡት ጥቂቶች አንዷ ናት፤ የጋሽ መኮንንን ነገር ብዙ አጫውቻታለሁ። የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ ስለሆነች እኔ «ወላሂ» ባልኩ ቁጥር «ጋሽ ሰይድ፣ ሳይምሉም አምንዎታለሁ» ትለኛለች።

ሳልገባ ምን ሊያሰሙ እንደሆነ አልነገሩኝም ነበር። «ጋሽ ሰይድ ከቀዷቸው ድምፆች ሁሉ የማይረሳው» ተባለና ወይዘሮ ዘምዘም ተለቀቀች። ቅሬያችን ማንንም አይለይም። ብቻውን የሚያለቅስ ሰው የለም። ግማሽ ትንፋሽ። ክራር። ጭብጨባ።

እኔ መድረክ ላይ ተናግሬ አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ ከመስተዋቱ ወዲህ ነበርኩ። አመሰግናለሁ ብዬ ልወርድ ነበር። ሊዲያ ስለ ፋብሪካው ጠየቀችኝ፣ ስለ ምላጩ ጠየቀችኝ፣ መለስኩ። የተሰጣት ጊዜ አልቆ ነበር። ፊቴን አየች። ከዚያ ጠጋ ብላ፣

«ጋሽ ሰይድ፣ ምን ሳልጠይቅዎ ቀረሁ?» አለችኝ።

መነጽር የላትም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ዝምታው በሬድዮው ወጣ። አዳራሹ መንሾካሾክ ጀመረ። እሷ ዝም።

«ያሁኑ ድምፅ ጅራቱ ተቆርጧል» አልኩ።  «እኔ የቀዳሁት ይሄ አይደለም። ሴትዮዋ ያለችውን አሁን እላለሁ። ኮምቦልቻ ወፍጮ ቤት የነበራችሁ፣ እናንተም ስሙ።»

አልኩት። ድንኳኑን፣ መቃብሩን፣ ዋርካውን፣ የተደፋውን እህል። የፊት ወንበር ላይ ያለው የዛሬው ኃላፊ እጁን አንገቱ ላይ እንደ ቢላዋ አመላለሰ፤ ቁረጪው ማለቱ ነው። ሊዲያ አየችው። ወንበሯን ወደኔ አዙራ ጀርባዋን ሰጠችውና «እየሰማሁዎት ነው፣ ጋሽ ሰይድ» አለችኝ። እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። በዚህ ጊዜ ማንም አላጨበጨበም። አንድ ሽማግሌ ብቻ ከኋላ «እውነት ነው! በኛም ሰፈር ነበር!» ብለው ጮኹ።

በነጋታው ወይዘሮ ዘምዘም ደወለች። እማማ ከዲጃ አርጅተው አልጋ ይዘዋል። ሬድዮው አጠገባቸው ነበር። የሳቸው ወሬ መሆኑ ሲገባቸው «ድምፁን ጨምሪው» አሏት። ጨመረችው። «በሩንም ክፈቺው፣ ጎረቤት ይስማ» አሏት። ከፈተችው።

«ከዚያስ?» አልኳት።

 ስልኩ ውስጥ ትንፋሿን ስትስብ ሰማኋት፣ ሙሉውን።

«ከዚያማ ራት አቀረብኩላቸው» አለች። «ጎረሱልኝ።»

ቁጣዬ በዚህ አልበረደም። ከዚያ በኋላ በመጣው በዓል ያችኑ የተቆረጠችውን ቃል መልሰው አወጧት። የሊዲያንም ዝግጅት ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ወደሚሆንበት ሰዓት ገፍተውባታል። ስነቅፋቸው እኖራለሁ። ጋሽ መኮንን ጥያቄዋን አስተማረኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ለሌላ ሰው ስትጠየቅ ስሰማት ኖሬ፣ እኔን የጠየቀችኝና መልሴን እስከ ጫፉ የጠበቀችልኝ ግን ሊዲያ ናት።